ስልኩ ጤነኛ ነው፤ ያበደው ቻርጀሩ ነው፦ ከ7 ወር በኋላ

ይህን ስልክ መጠቀም ከጀመርኩ 7 ወር ሆነኝ። ካሜራው እንደተባለው ነው። ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ይነበባል። ሁለት ሲም ያለ ንትርክ ይይዛል። ባትሪው ባለ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ስለሆነ መብራት ቀኑን ሙሉ ባይኖርም እስከ ማታ ያደርሳል። ስለ እነዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። መጻፍ የምፈልገው ሳጥኑ ውስጥ ስላልነበረው ዕቃ ነው።

ሳጥኑ ሲከፈት ስልክ፣ ኬብል፣ የሲም ማውጫ መርፌና ማንም የማያነበው ወረቀት አለ። ቻርጀር የለም። ሻጩ «አሁን ሁሉም እንደዚህ ነው የሚመጣው» ይላል፤ ሁሉም ባይሆን ብዙው እንደዚያ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 አይፎን 12ን ያለ ቻርጀር አወጣ፣ ሳምሰንግም በጥር 2021 በጋላክሲ ኤስ 21 ተከተለው፣ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹም እንደ ጥሩ ነገር ተቀበሉት። ምክንያቱ «ለአካባቢ ጥበቃ ነው፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ቻርጀር አለው» የሚል ነበር። በርሊን ላለ ሰው ይሁን እንበል። እኛ ቤት ያለው ግን አንገቱ በፕላስተር የተጠቀለለው የድሮው ነው፤ ስለዚህ ስልኩን የገዛ ሰው ከዚያው መደርደሪያ ላይ «ፋስት» የተባለውን ቻርጀር ጨምሮ ይወጣል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ጣጣው ምን ይመስላል? ቻርጅ ሰክታችሁ «ሰላም» ስትጽፉ «ሰላላላም» ይወጣል። ገጹ ሳትነኩት ወደ ላይ ይሮጣል። ቴሌግራም ላይ ያላሰባችሁት ሰው ይደወልለታል። ከሁሉ የሚያስፈራው ቴሌብር ወይም የባንክ አፕ ላይ ነው፤ 500 ልትሉ 5500 ይሆናል፣ የሚስጥር ቁጥሩም ሁለት ሦስት ጊዜ በስህተት ይገባል። ኬብሉን ስትነቅሉት ስልኩ ወዲያው ጨዋ ይሆናል። ስትሰኩት ደግሞ ያብዳል።

እዚህ ላይ የጥገና ቤቱ ብይን የታወቀ ነው፦ «ታቹ ሄዷል፣ ስክሪን ይቀየር።» ወንድሜ፣ ታቹ የትም አልሄደም። ሲነቀል የሚድን በሽታ የስክሪን በሽታ አይደለም። በዚህ ብይን ኦሪጅናል ስክሪኑ ተነቅሎ ኮፒ የተገጠመለት ስልክ ስንት እንደሆነ አስቡት። ኮፒ ስክሪን ደግሞ ከቻርጀሩ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ጫጫታ (ረብሻ) የመቋቋም አቅሙ ያነሰ ስለሚሆን ሕመሙ ይብስበታል፤ ባለቤቱም «የኔ ስልክ ዕድሉ ነው» ብሎ ይቀመጣል።

የዚህ ስልክ ስክሪን፣ እንደ ዛሬዎቹ ስልኮች ሁሉ፣ የጣትን ግፊት አይለካም። የሚለካው ጣት ሲጠጋ በመስታወቱ ሥር ባሉት ስስ መስመሮች ላይ የሚፈጠረውን እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። ቻርጀሩ በበኩሉ 220 ቮልቱን በሰከንድ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ነው ወደ 5 ወይም 9 ቮልት የሚያወርደው፤ ይህ መቆራረጥ ጫጫታ አለው። ደህና ቻርጀር ውስጥ ጫጫታውን የሚያፍኑ ክፍሎች አሉ፤ አንዷ በከፍተኛው ቮልትና በስልኩ ወገን መካከል የምትቀመጥ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነች ምስር የምታህል ዕቃ ናት፣ ዋይ ካፓሲተር ትባላለች። ርካሹን የሚሠራው ሰው ሳንቲም ለመቆጠብ መጀመሪያ የሚያስወጣው እንዲህ ያለውን ነው፤ እሷ ባትኖርም ቻርጀሩ ቻርጅ ማድረጉን አያቆምምና። ታዲያ ጫጫታው በኬብሉ ገብቶ ስልኩን በሙሉ ያንቀጠቅጠዋል። ስልኩ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ምንም የለም፤ ሁሉም ነገር አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ ልዩነት አይታይም። ጣታችሁ ሲያርፍ ግን እናንተ አትንቀጠቀጡም፣ መሬት ላይ ናችሁ። ስክሪኑ ያንን ልዩነት «ተነካሁ» ብሎ ያነበዋል፣ ያውም ጣቱ ባለበት መስመር ላይና ታች ሁሉ።

ለዚህ ነው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ በአንድ ጣት ስትነኩት የሚብስበት፣ በእጃችሁ ስትይዙት ደግሞ ቀለል የሚለው። እጃችሁ ጠርዙን ሲጨብጥ እናንተና ስልኩ አንድ ላይ ትንቀጠቀጣላችሁ። ወፍራም ኮቨር ያደረገ ሰው ይህንንም ጥቅም ያጣል። ባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ መቆምና ጎማ ጫማ አድርጎ መቆምም ልዩነት ያመጣል። ይህን ያየ ሰው ስልኩን ጋኔን ያዘው ቢል አልፈርድበትም።

መመርመሪያው እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው፣ ነፃ ነው። ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ግቡና «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ በተከታታይ ንኩ (አንዳንዱ ስልክ ላይ «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» ሥር ነው)። «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» የሚባል አዲስ ክፍል ይከፈታል። እዚያ «ፖይንተር ሎኬሽን» የሚለውን አብሩ። ስክሪኑ አናት ላይ ቁጥሮች ይመጣሉ፣ ጣት የነካበት ቦታ ላይም መስቀለኛ መስመር ይሳላል። አሁን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፣ ቻርጀሩን ሰኩ፣ አንድ ጣት መሃል ላይ አሳርፉና ሳታንቀሳቅሱ እስከ 20 ቁጠሩ። ደህና ቻርጀር ከሆነ አንድ ነጥብ፣ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ከላይ በግራ ያለው ቁጥርም «1/1» ይላል፤ አንድ ጣት ማለት ነው። መጥፎው ላይ ነጥቧ ትርገበገባለች፣ ከጣታችሁ በላይና በታች በዚያው መስመር አዳዲስ ነጥቦች ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ቁጥሩም ባልነካ ጣት 3 ወይም 4 ይደርሳል። ቀጥሎ በፓወር ባንክ ሰክታችሁ ድገሙት። ፓወር ባንክ ከግድግዳው ጋር ግንኙነት የለውም፤ በእሱ ንጹሕ ሆኖ በቻርጀሩ ካበደ ፍርዱ ተሰጥቷል። ምንም ሳይሰካም ካበደ ግን ያኔ ስክሪኑን፣ የተለጠፈውን መስታወት፣ የገባ ውኃን ወይም አብጦ ከውስጥ የሚገፋ ባትሪን ጠርጥሩ።

ይህን ሙከራ ሱቁ ውስጥ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አድርጉት። «አለቃ፣ ኦሪጅናል ነው» የሚለው ሻጭ 20 ሰከንድ ቢጠብቅ አይሞትም።

አሁን ስለ ዋቱ። ካርቶኑ ላይ «65 ዋት ሱፐር ፋስት» ተብሎ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት ቻርጀር፣ ሆዱ ላይ ባለችው ደቃቅ ጽሑፍ «5 ቮልት፣ 2 አምፒር» ይላል። ሁለቱን አባዙ፤ 10 ዋት ነው። የቀረው 55 ዋት ካርቶኑ ላይ ቀርቷል። ይህ ስልክ ሙሉ ፍጥነቱ 25 ዋት ሲሆን የሚያገኘው ግን ፒፒኤስ ያለው የዩኤስቢ ሲ ፒዲ ቻርጀር ሲሰካለት ብቻ ነው። ፒዲ ማለት ስልኩና ቻርጀሩ ስንት ቮልትና አምፒር እንደሚሄድ የሚስማሙበት ደንብ ነው። ፒፒኤስ ማለት ስልኩ ባትሪው እንደሚፈልገው ቮልቱን በጥቂት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ እንዲያደርግለት ቻርጀሩን የሚያዝበት መንገድ ነው። በዚህ ልክ የሆነ ቻርጀር ሆዱ ላይ ከ5 ቮልት 3 አምፒርና ከ9 ቮልት 2.77 አምፒር በተጨማሪ «ፒፒኤስ 3.3 እስከ 11 ቮልት፣ 2.25 አምፒር» ዓይነት መስመር ይኖረዋል። ያቺ መስመር ከሌለች ፒዲ ቢሆንም ስልኩ 15 ዋት አካባቢ ላይ ይቆማል።

ልዩነቱ በሰዓት ሲታሰብ ቀላል አይደለም። 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት በባትሪው 3.85 ቮልት ሲባዛ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ በመንገድ በሙቀት የሚባክን አለ። በ25 ዋት ከባዶ እስከ ሙሉ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አይርቅም፤ መጨረሻው ላይ ራሱ ስለሚያዘገም ነው እንጂ ግማሹን በግማሽ ሰዓት ይጨርሳል። በ10 ዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። ያ የድሮው ባለ 5 ዋት ደግሞ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ። መብራት መጥቶ ሁለት ሰዓት ቆይቶ በሚሄድበት ሰፈር ይህ ስልክ ሞላ ወይም አልሞላ ማለት ነው።

ሻጩ እዚህ ላይ ይገለበጥና «ዋቱ ከበዛ ግን ባትሪውን ያቃጥለዋል» ይላል። አያቃጥለውም። የሚጠይቀው ስልኩ ነው፤ ባለ 65 ዋት ደህና የላፕቶፕ ቻርጀር ቢሰካለትም የሚወስደው የራሱን ልክ ብቻ ነው። ባትሪውን የሚጎዳው ሙቀትና 100 ላይ ደርሶ ሌሊቱን ሙሉ ማደር ነው። ሴቲንጉ ውስጥ 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ አለ፤ መብራት የማይጠፋበት ሰሞን አብሩት፣ ሲጠፋፋ አጥፉት። ትራስ ሥር አታድርጉት፤ ሲሞቅ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የከፈላችሁበት ዋት ከንቱ ይሆናል።

ኬብሉም ጥፋት አለበት። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ኬብል መዳብ ሽቦው ቀጭኑ፣ 28 ቁጥር ከሆነ (ቁጥሩ ሲበዛ ሽቦው ይቀጥናል)፣ በ2 አምፒር ሲሄድ 0.85 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይበላል። ከ5 ቮልት ላይ ይህ ሲቀነስ ስልኩ ጋ 4.15 ይደርሳል፤ ስልኩ «ደከመ» ብሎ የሚወስደውን ይቀንሳል። ወፍራሙ፣ 24 ቁጥር፣ የሚበላው 0.34 ገደማ ነው። ቁጥሩ ባይጻፍበትም ኬብሉን በጣት ስትይዙት ክር ከመሰለ ክር ነው። ሳጥኑ ውስጥ የመጣው ኬብል ለ25 ዋት በቂ ነው፣ አትጣሉት። 45 ዋት የሚወስድ ስልክ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ባለ 5 አምፒር ኬብል ያስፈልገዋል፤ ከ3 አምፒር በላይ የሚሄድ የሲ ለሲ (ሁለቱም ጫፉ ዩኤስቢ ሲ የሆነ) ኬብል ራሱን የሚያስተዋውቅ ቺፕ ጫፉ ውስጥ ሊኖረው ግድ ነው፣ ያለ እሱ ቻርጀሩ ከ3 አምፒር አያልፍም።

ፓወር ባንኩን በተመለከተ ደግሞ «10000 ነው፣ ሁለቴ ይሞላዋል» የሚል ሒሳብ አለ። 10000 የተባለው በውስጡ ባሉት ባትሪዎች 3.7 ቮልት ነው፤ ወደ 5 ወይም 9 ከፍ ሲልና ስልኩ ውስጥ ተመልሶ ሲወርድ ይባክናል። አንድ ጊዜ ተኩል ከሞላ ባንኩ እውነተኛ ነው። 20000 ተብሎ 200 ግራም የሚመዝነውን ግን እጃችሁ ላይ አንሡና መልሱት፤ የዚያን ያህል ባትሪ ብቻውን ከዚያ በላይ ይከብዳል።

ከመብራት ጋር ያለው ነገር አጭር ነው። ደህና ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ማታ ማታ መብራቱ ደከም ቢልም ግድ የለውም፤ ለስልክ ብላችሁ ስታቢላይዘር አትግዙ። አደጋው መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ የቮልት ምት ነው። ሲሄድ ንቀሉ፣ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰኩ። የላላ ዲቫይደርም እየነካ እየለቀቀ ስልኩን በየደቂቃው «ቲን» የሚያሰኝ ከሆነ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። መሰኪያው ራሱ የላላ ከመሰለ ደግሞ የኪስ ብናኝ ታጭቆበት ሊሆን ይችላል፤ ስልኩን አጥፍታችሁ በስቴኪኒ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ መርፌ አታስገቡ።

ብይኔ? ስልኩን አልሸጠውም። ዋጋው ላይ ግን ተታልያለሁ ባይ ነኝ፤ ሱቁ የነገረኝ ዋጋ የስልክ ዋጋ አልነበረም፣ ግማሽ ስልክ ነበር። ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ቻርጀር ጨምረህ አስላው፣ ከዚያ ከሌላው ጋር አወዳድረው እላለሁ። እንደዚያ ሲሰላ ከጎኑ ያለው ቻርጀሩን በሳጥኑ ይዞ የሚመጣው ስልክ ካሜራው ቢያንስም ዓይኔን ይስበው ነበር። ዛሬ መብራት ስላለ በመጠኑ ነው የተናደድኩት።

አንድ የቀረ ነገር፦ አዲሱ የሲ ለሲ ኬብል የሲ መሰኪያ ያለውን ርካሽ የእጅ ባትሪና ራዲዮ ላይሞላ ይችላል። አልተበላሹም። እነዚያ ዕቃዎች «እዚህ ነኝ» ብለው ለቻርጀሩ የሚናገሩባቸው ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ሳይገጠምላቸው ነው የወጡት፤ የሲ ቻርጀር ደግሞ ካልተጠራ ኤሌክትሪክ አይለቅም። የድሮው ሰፊ አፍ ያለው ኬብል ሳይጠየቅ ስለሚለቅ እሱ ይሠራላቸዋል። አንዱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ።