የሐዋሳው ጠጠር

ፒያሳ አካባቢ ካለች ሱቅ ለአኳሪየሜ 10 ኪሎ የሐዋሳ ጠጠር ገዛሁ። ሻጩ መጀመሪያ ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነበር። እንቢ አልኩ፤ ዓሣዬ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ አይኖርም። ተፈጥሯዊውን ሲሰጠኝ "ታጥቧል፣ ዝም ብለህ ጨምረው" አለኝ።

ታጥቧል? ሳፋ ውስጥ ውሃ ሳፈስበት ማኪያቶ መሰለ። ጥቂቱማ ጭራሽ ተንሳፈፈ! የእሳተ ገሞራ ቀላል ድንጋይ ተቀላቅሎበት ኖሯል። ያለ ሳሙና ዘጠኝ ጊዜ አጥቤ ነው ውሃው የጠራው።

ከዚያ አቼቶ ጠብ አደረግኩበት። ሁለት ነጫጭ ጠጠሮች እንደ አምቦ ውሃ ፈሉ። የሚፈላው ኖራነት ያለው ነው፤ ቀስ በቀስ እየሟሟ ውሃው ውስጥ ኖራ ያበዛል። አወጣኋቸው። የቀረው ጸጥ አለ።

መጠኑን ግን ወድጄዋለሁ። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የተክል ሥር ይይዛል፣ የዓሣ ምግብም ብዙ አይሰርግበትም። ለ50 በ25 ሴንቲ ሜትር ገንዳ በቃኝ፤ ፊት ለፊት 4፣ ከኋላ 7 ሴንቲ ሜትር አደረግኩት። ጠጠር ራሱ ተክል ስለማይመግብ ሥሩ አጠገብ የማዳበሪያ እንክብል ቀበርኩ። ጠጠሩ እንዳይበተን ውሃውን ሳህን ላይ እያፈሰስኩ ሞላሁ።

ዋጋው ደህና ነው። ተመልሼ እገዛለሁ፣ ወንፊት ይዤ።