ነርሶችን ስለ ካንሰር ማሰልጠን፦ ኦንላይን ይሻላል ወይስ በተግባር?

ኦንላይን ኮርስ ለእውቀቱ ክፍል አሪፍ ነው፣ የማህፀን በር ካንሰርን በአብዛኛው የሚያመጣው ኤችፒቪ ቫይረስ እንደሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. የኤችፒቪ ምርመራን ከሌሎቹ የምርመራ ዘዴዎች እንዳስቀደመ በስልክሽ አንብበሽ ትጨርሺዋለሽ። ግን ለምርመራ የማህፀን በር ላይ አሴቲክ አሲድ ቀብቶ 1 ደቂቃ ጠብቆ ነጣ ያለውን ቦታ መለየት በቪዲዮ ብቻ አይለመድም፣ ልምድ ያላት ነርስ አጠገብሽ ቆማ "እሱ አይደለም፣ እስኪ ደግመሽ እዪው" ስትልሽ ነው የሚገባሽ።

የታማሚዋ ቤተሰብ ጉዳይማ ጭራሽ! ስፓይክስ የሚባለው የመጥፎ ዜና አነጋገር 6 ደረጃ አለው፣ መሸምደዱ ቀላል ነው፣ ቤተሰቡ "ለሷ እንዳትነግሯት" ብሎ ሲለምንሽ የምትመልሺውን ግን በሮል ፕሌይ (ሁኔታውን እየተወንሽ) ደጋግመሽ ካልሞከርሽው አፍሽ ይተሳሰራል። በጀቱ ለአንዱ ብቻ ከሆነ እኔ ተግባሩን ነው የምመርጠው፣ ንባቡን ማታም ማካካስ ይቻላል።