ጅማ ውስጥ ፕሪንተር እየዘገየ ለሚያስቸግራችሁ፦ ይህን ቴክኒሻን እንጠቁማችሁ

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ያለውን ወንድማችንን በአደባባይ ማመስገን ፈለግን። ሥራ በሚበዛበት ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት የቢሯችን ፕሪንተር አንድ ደብዳቤ ለማውጣት 10 ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ። ከእሱ በፊት ያየው ባለሙያ «ሜሞሪው አልቻለም፣ አዲስ ግዙ» ብሎ ሄደ። ዛሬም እየሠራ ያለው ያው ፕሪንተር ነው።

ሙያው የታወቀን ገና ምንም ሳይነካ ነው። ኖትፓድ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ፕሪንት አዘዘና የወረፋውን መስኮት ከፍቶ ተመለከተ። ሥራው «ስፑሊንግ» (ኮምፒውተሩ ፋይሉን ለሕትመት ወረፋ ሲያዘጋጅ) ላይ ከቆመ ችግሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። «ፕሪንቲንግ» ብሎ ፈቀቅ ካላለ መንገዱ ላይ ነው። የፕሪንተሩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ወረቀት ካልሳበ ደግሞ ፋይሉ ደርሶታል፤ ገና እያዘጋጀው ነው። የእኛ በአመዛኙ ሁለተኛው ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሩ ከራውተሩ (ኔትወርኩን ከሚያገናኘውና ለየመሣሪያው አድራሻ ከሚያድለው ዕቃ) ቀድሞ ይነሳል። አድራሻ የሚሰጠው ሲያጣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ያወጣና ማንም አያገኘውም። ራውተሩ ከተነሳ በኋላም ሌላ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ሊሰጠው ይችላል፤ ገሚሶቹ ኮምፒውተሮች ግን የድሮውን ደጅ ያንኳኳሉ። የቀሩት ላይ ዊንዶውስ በራሱ ያስገባው ደብሊው ኤስ ዲ የሚባለው ፖርት (ኮምፒውተሩ ሥራውን ወደ ፕሪንተሩ የሚልክበት መስመር) ነበር። እሱ ፕሪንተሩን ኔትወርኩ ላይ እየጠራ ነው የሚፈልገው፤ መልስ ሲዘገይበት «ኦፍላይን» ይላል፣ ሥራው ወረፋ ላይ ይከማቻል።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ራውተራችን የሚያድለው አይፒ ከ192.168.1.100 እስከ 200 ስለሆነ ለፕሪንተሩ ከዚያ ውጭ 192.168.1.50ን በቋሚነት ሰጠው፤ ያለዚያ የአንድ ሰው ስልክ ያንኑ አድራሻ ይይዝና ሁለቱ ይጋጫሉ። ከዚያ በየኮምፒውተሩ የፕሪንተሩን ፕሮፐርቲስ ከፍቶ ፖርትስ፣ አድ ፖርት፣ ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ ብሎ ይህንኑ አድራሻ አስገባ፤ ፕሮቶኮሉ ሮው፣ ቁጥሩ 9100። እዚያው «ኤስኤንኤምፒ ስታተስ» (ዊንዶውስ ፕሪንተሩን ሁኔታውን የሚጠይቅበት) ከሚለው ላይ የራይት ምልክቱንም አጠፋ። ፕሪንተሩ ለዚያ ጥያቄ መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ ደህናውን ማሽን የጠፋ አድርጎ ይቆጥረዋልና። ጉዳቱን ግን አልደበቀንም፦ ከእንግዲህ ወረቀት ወይም ቶነር ማለቁን ስክሪን ላይ ላታዩ ትችላላችሁ፣ ፕሪንተሩ ጋ ሄዳችሁ ነው የምታረጋግጡት።

ያም ሆኖ ዝግተኛነቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ፒንግ (ፕሪንተሩ በኔትወርኩ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚፈትን ትእዛዝ) በተከታታይ አስሮጦ ሲያይ አልፎ አልፎ «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» (መልስ ሳይመጣ ጊዜው አለፈ) የሚል ይመጣል። በኬብል በተያያዘ አንድ ቢሮ ውስጥ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው፤ ጠፍቶ የሚቀር ፓኬት (የሚላከው የመረጃ ቁራጭ) ደግሞ ጭራሽ መኖር የለበትም። ኬብሉን በእጁ እየዳሰሰ ተከተለው፦ የጠረጴዛ እግር ጨፍልቆታል። ቆርጦ ሁለቱንም ጫፍ በአዲስ አርጄ45 (የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ) ክሪምፕ አደረገና በግድግዳው ጥግ አሳለፈው። አዲስ ስዊች (የቢሮውን ኬብሎች የሚያገናኘው ዕቃ) ሊሸጥልን ይችል ነበር፤ አልሸጠልንም።

ሦስተኛው ጥፋት የራሳችን ነው። መዝገብ በቀለም፣ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) እየቃኘን ያንኑ ፕሪንት እናዝ ነበር። እንዲህ ያለ አንድ ኤ4 ገጽ ሳይታመቅ 100 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በ300 ዲፒአይ በግራጫ ሲሆን ወደ 9 ሜጋባይት ይወርዳል። ለደብዳቤና ለመዝገብ ሁለተኛው ይበቃል። አንድ ሰው እንዲህ ያለ 40 ገጽ ሲልክ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይቆማሉ።

ለተቀረቀረ ሥራ ያስተማረን ይህ ነው፦ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚን ከፍታችሁ «ኔት ስቶፕ ስፑለር» (net stop spooler) በሉ፤ ስፑለር ወረፋውን የሚያስተዳድረው ነው። ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች አጥፉ፤ ፎልደሩን ራሱን ግን እንዳትነኩ። ከዚያ «ኔት ስታርት ስፑለር» (net start spooler)። ሰው ሁሉ ያዘዘው ስለሚጠፋ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ራውተሩንና ስዊቹን ወደ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው ዕቃ) አዛወረ፤ ፕሪንተሩን ግን ነቅሎ ግድግዳው ላይ ሰካው። ሌዘር ፕሪንተር ፊውዘሩን (ቶነሩን በሙቀት ወረቀት ላይ የሚያጣብቀውን ክፍል) ሲያሞቅ የሚስበው ኃይል ለትንሽ ዩፒኤስ አይቻልም። የጅማ ዝናብ ሲበረታ የተከፈተ ወረቀት እርጥበት ስቦ እንደሚጣበቅም ነገረንና የተረፈውን በላስቲክ መጠቅለል ጀምረናል።

አንድ እንከን አለው፤ የፕሪንተር መዘግየት የሚያጠፋው ሰው ራሱ ቀጠሮ ላይ ይዘገያል። 4 ሰዓት ካላችሁ 5 ብላችሁ ጠብቁት። ስሙንና ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንልካለን። ስትደውሉ ሥራው «ስፑሊንግ» ላይ ነው ወይስ «ፕሪንቲንግ» ላይ የሚቆመው የሚለውን አይታችሁ ንገሩት፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።