ለማይበር አውሮፕላን ቀብድ ከፈልኩ

የድርጅቱን ስም አልጠራም። ብሬን ለማስመለስ ገና እየተሟገትኩ ነው፤ ሌላ ጣጣ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ማስታወቂያው ግን እናንተም ጋ ሊደርስ ይችላልና የሆነውን ልንገራችሁ።

የመጣው እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የእድራችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው፣ ሐምሌ ውስጥ። አዲስ አየር መንገድ ሊጀምር ነው ይላል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 799 ዶላር፣ ሦስት ሻንጣ፣ ለጿሚ የጾም ምግብ። በገና ሰሞን ለአንድ ሰው ከ1,800 በላይ ከፍዬ የማውቅ ሰው ነኝ። ሦስት ሻንጣ የሚለውን ሳይማ ጭራሽ ተሸነፍኩ።

ይህ ዋጋ የሚገኘው ግን "መሥራች አባል" ለሆነ ሰው ነው። አባልነቱ 399 ዶላር፤ ኋላ ከትኬቱ ላይ ይታሰባል። በዜል (ከባንክ ሂሳብ ወደ ባንክ ሂሳብ በስልክ በሚላክበት መንገድ) ከላካችሁ 399 ብቻ፣ በካርድ ከሆነ 4 በመቶ ይጨመራል። ስደውል ስልኩን ያነሳው ልጅ እንዴት ያለ ትሁት መሰላችሁ። "ጋሼ፣ ቦታው እያለቀ ነው" አለኝ። የምን ቦታ እንደሆነ እንኳን አልጠየቅኩትም። ወዲያው በዜል ላክሁ። የባለቤቴ እህት ግን 16 ዶላር ጨምራ በክሬዲት ካርድ ከፈለች። "ለእነሱ ሲሳይ ሆንሽ" ብዬ ሳቅሁባት።

በረራው ለመስከረም ነበር የተባለው። ከዚያ ለጥር ሆነ። ከዚያ "በቅርቡ" ሆነ። "በቅርቡ" ካሉ ወዲህ የእኔን ስልክ የሚያነሳ የለም።

ደረሰኙን በደንብ ያነበብኩት ያኔ ነው። አፈርኩ። "በረራ" ወይም "ትኬት" የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። "የዲጂታል አባልነት አገልግሎት፣ የማይመለስ" ነው የሚለው። ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ የገባኝ ሕጉን ሳገላብጥ ነው። በአሜሪካ አዲስ የሚቋቋም አየር መንገድ ማመልከቻው በትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ሳይጸድቅ በረራውን ማስተዋወቅም ሆነ ቦታ መያዝ አይችልም። ፈቃዱ ሥራ ላይ ሳይውል ደግሞ ገንዘብ መቀበልም ትኬት መቁረጥም ክልክል ነው። ጸድቆለት የመጨረሻዋን ወረቀት የሚጠብቅ ድርጅት እንኳን ማስታወቂያው ላይ አገልግሎቱ የሚጀመረው የመንግሥት ፈቃድ ሲገኝ መሆኑን መጻፍ አለበት። እንግዲህ ትኬት መሸጥ ያልተፈቀደለት ሰው ምን ይሸጣል? አባልነት።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ትኬት ከአየር መንገድ ስትገዙና ጉዞው 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲቀረው፣ አየር መንገዱ ወይ ዋጋውን ለ24 ሰዓት ይዞ ያቆይላችኋል፣ ወይ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ይሰርዝላችኋል። ግዴታው ነው። ዲጂታል አባልነት የገዛ ሰው ይህን ለማን ሄዶ ይጠይቃል?

"አውሮፕላኑን እኮ በቪዲዮ አይተነዋል" የሚሉ አሉ። ከማስታወቂያው ጋር የለቀቁትን ቪዲዮ እኔም አይቼው ነበር። ልጄ ቪዲዮውን አቁሞ አጎላውና አሳየኝ፤ የክንፉ ጥላ ወደ ግራ ወድቋል፣ አጠገቡ የቆሙት ሰዎች ጥላ ወደ ቀኝ። በኮምፒውተር የተሠራ ነው።

እውነተኛ አውሮፕላን ቢሆንስ? የናይጄሪያ መንግሥት ሊያቋቁመው የነበረውን አየር መንገድ፣ የናይጄሪያ ኤርን ታሪክ አስታውሱ። ግንቦት 2015፣ በፈረንጆቹ ሜይ 26 ቀን 2023፣ "ናይጄሪያ ኤር" የሚል ስምና ቀለም ያለው ቦይንግ 737 አቡጃ አረፈ። መንግሥት ሊቀየር ሦስት ቀን ነው የቀረው። ባለሥልጣናቱ ተቀበሉት፣ ፎቶ ተነሱ፣ አገር ተደሰተ። አውሮፕላኑ ግን የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር። በሽርክናው 49 በመቶ ድርሻ እንዲይዝ የተመረጠው እሱ ነው። ለትውውቁ ተብሎ የመጣው አውሮፕላን በቀናት ውስጥ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ናይጄሪያ ኤር በዚያን ጊዜ የማብረር ፈቃድ አልነበረውም። የድርጅቱ ጊዜያዊ ኃላፊም አውሮፕላኑ በኪራይ የመጣ መሆኑን ለአገሪቱ ሴኔት ተናገሩ። አዲሱ መንግሥት በዚያው ዓመት ፕሮጀክቱን አገደው። ሚኒስትር የቆመበት ምርቃት እንዲህ ከሆነ የቴሌግራም ቪዲዮማ ምን ሊባል ነው?

አዲስ ድርጅት ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። አውሮፕላን ተከራይቶ መጀመርም ነውር የለበትም። እዚህ አገር በቻርተር፣ ማለት የሌላ አየር መንገድ አውሮፕላን ተከራይቶ፣ ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት ሰነዱን አስቀድሞ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ያስገባል። የተሳፋሪው ገንዘብ ባንክ በአደራ ይቀመጣል ወይም ዋስትና ይያዝለታል። ውሉ ላይ የሚያበረው አየር መንገድ ማን እንደሆነ ይጻፋል። ድርጅቱ ጉዞውን ከሰረዘ በ14 ቀን ውስጥ ገንዘቡን ይመልሳል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት "የሚያበረው ማነው? ብሬስ የት ባንክ ነው የሚቀመጠው?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ዘግይቼም ቢሆን በልጄ ስልክ ደውዬ ያንን ትሁት ልጅ አገኘሁትና ጠየቅኩት። "ጋሼ፣ እሱ የውስጥ አሠራራችን ነው" አለኝ። የእኔ ብር፣ የእነሱ የውስጥ አሠራር! "ፈቃዳችን ገና ነው፣ እስከዚያ ብር አንቀበልም" የሚል ድርጅት ቢመጣ እኔም በትዕግሥት እጠብቀዋለሁ።

የሳቅሁባት ሴትዮስ? በረራው መጀመሪያ ሲራዘም ጠርጥራ ለካርዷ ባንክ በጽሑፍ አመለከተች። ሕጉ ክፍያው የታየበት የካርዱ ስቴትመንት (የሂሳብ መግለጫ) ከተላከ ጀምሮ 60 ቀን ይሰጣል፤ እሷ አልዘገየችም። 415 ዶላሯ ተመልሶ ገባላት። የእኔ ባንክ መልስ አጭር ነበር፦ ገንዘቡን ፈቅደው የላኩት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ በድረ ገጹ ማስገባት ይቻላል። የእኔን ዛሬ ማታ እሞላለሁ። እንደኔ የከፈላችሁ ካላችሁ ማስታወቂያውንም፣ ደረሰኙንም፣ የተጻጻፋችሁትንም ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቪዲዮውን ከትናንት ጀምሮ አጥፍተውታል።