ለጎጃም አሽከርካሪዎች፦ በቅድመ ክፍያ የኤሌክትሪክ መኪና ከመፈረማችሁ በፊት

ማስታወቂያው ከባሕር ዳር እስከ ደጀን አንድ ዓይነት ነው። ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና፣ 0 ኪሎሜትር፣ «አንዴ ቻርጅ ተደርጎ 405 ኪሎሜትር ይሄዳል»፣ ግማሹን ዛሬ ግማሹን ሲረከቡ፣ ርክክብ በ90 ቀን፣ ዋጋው «ከዚህ ጀምሮ»። የቤንዚን ወረፋ የሰለቸው ሹፌር ይህን አይቶ ልቡ ቢከጅል አይፈረድበትም። ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አሮጌዋ ቪትዝ ራሷ የማትቀመስ ሆናለች። ስለዚህ ኤሌክትሪክ መኪና አትግዙ አንልም። የምንለው፣ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ዋጋ መኪናው እጃችሁ ገብቶ እስኪሠራ የምታወጡት ዋጋ አይደለም፤ ልዩነቱ ደግሞ ለአንድ ተራ ሹፌር ዕድሜ ልክ ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ከውሉ እንጀምር። ብዙ ጊዜ በትንሽ ፊደል የሚገባ አንድ አንቀጽ አለ፦ «በውጭ ምንዛሪ፣ በቀረጥና በማጓጓዣ ለውጥ ምክንያት ዋጋው ሊስተካከል ይችላል»። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ያ አንቀጽ ውላችሁ ውስጥ ካለ፣ እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስ ጭማሪውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ ሻጩ ግን ብራችሁን ሲያንቀሳቅስበት ከርሟል። አንቀጹ ይሰረዝ፣ ወይም የጭማሪው ጣሪያ በቁጥር ይጻፍ፤ ከጣሪያው ካለፈ ደግሞ ገዢው ሙሉ ገንዘቡን ወስዶ መውጣት እንደሚችል አብሮ ይጻፍ። «90 ቀን» የተባለውም «90 የሥራ ቀን» መሆኑን ታገኙታላችሁ። በሳምንት አምስት ቀን ብትቆጥሩት 18 ሳምንት፣ ከአራት ወር በላይ ነው። ቀኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠርም ተመልከቱ፤ ከከፈላችሁበት ቀን ሳይሆን «ኤልሲ (ሻጩ መኪናውን ከውጭ ለማስመጣት ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ሰነድ) ከተከፈተበት ቀን» የሚል ካለ መጨረሻ የለውም።

የቃላት አመራረጥ ነገርም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ የተቀበለውን አጥፎ እንዲመልስ ያዛል፤ ቀብድ የሰጠው ካፈረሰ ደግሞ የሰጠውን ያጣል። ደላሎች ይህን ስለሚያውቁ ውሉ ላይ «ቀብድ» አይሉም፣ «ቅድመ ክፍያ» ይላሉ። ቅድመ ክፍያ ከሆነ እጥፍ መጠየቅ ይከብዳል። ከባድ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቢያንስ የተወሰነው ክፍል «ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ። እናንተ ራሳችሁ የምታመነቱ ከሆነ ግን ሁለቱንም ወገን የሚቆርጥ ቢላ መሆኑን አትርሱ።

«0 ኪሎሜትር» ማለት አዲስ ማለት አይደለም። ያልተነዳ ማለት ነው። ግቢ ውስጥ ሁለት ክረምት የከረመም 0 ኪሎሜትር ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ጠይቁ፣ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፣ ቻይና የተሠራው በ«ኤል» ይጀምራል። ከግራ አሥረኛውን ቁጠሩ፦ «ኤን» ከሆነ የ2022፣ «ፒ» ከሆነ የ2023፣ «አር» ከሆነ የ2024፣ «ኤስ» ከሆነ የ2025 ሞዴል ነው (በፈረንጆቹ)። ጎማውም አይዋሽም፤ ጎኑ ላይ ካሉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመት ናቸው። 2323 ካለ በ2023 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ጎማ ነው። ረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ የቆመ ባትሪ ይጎዳል፤ ስለዚህ ያረጀ 0 ኪሎሜትር በዲያግኖሲስ ማሽን የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ሳይነበብና ባትሪው የተሠራባቸው ሴሎች ቮልቴጅ መቀራረቡ ሳይታይ አይገዛም። ሻጩ «ማሽን አይነካም» ካለ ተሰናበቱት።

የባትሪው መጠን ላይ የሚሠራው ጨዋታ ደግሞ ይብሳል። በአንድ የመኪና ስም ሁለትና ሦስት ዓይነት ባትሪ ይመጣል። ለምሳሌ የቢዋይዲ ሲጋል ትንሹ ባትሪ የሚይዘው ኃይል 30.08 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በቻይና መለኪያ 305 ኪሎሜትር፤ ትልቁ 38.88 ነው፣ 405 ኪሎሜትር። ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ማስታወቂያው የትልቁን ርቀት ይጽፍና የትንሹን ዋጋ ያስቀምጣል፤ «ከዚህ ጀምሮ» የምትለዋ ቃል እዚህ ላይ ነው ሥራዋን የምትሠራው። ማጣሪያው ቀላል ነው። ለቻይና ገበያ በተሠራ መኪና የበር ምሰሶ ላይ ወይም አጠገቡ የተለጠፈች ሰሌዳ አለች። ጽሑፉ ቻይንኛ ቢሆንም አኃዝ አኃዝ ነው፦ በቪ የሚያልቀው የባትሪው ቮልት፣ በአምፔር ሰዓት የተጻፈው አቅሙ። ሁለቱን አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። 320 ቮልትና 120 አምፔር ሰዓት ቢል 38.4 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። የሰሌዳዋን ፎቶ አንሱና ቁጥሩን ውሉ ላይ አስጽፉት።

አሁን 405 ኪሎሜትሩን እንፈትሸው። የቻይናው ሙከራ ሲኤልቲሲ ይባላል፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ያውም ላብራቶሪ ውስጥ። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ስትዞሩ ከተጻፈው ርቀት ብዙም ላትርቁ ትችላላችሁ፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ፍጥነቱም ዝቅ ያለ ነው። ሀገር አቋራጭ በሰዓት 80 ስትነዱ ግን ከተጻፈው ሩብ እስከ ሲሶ ቀንሱ። 305 የተባለው 200 እና 230 መካከል ይወርዳል። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። ደረስኩ ሳይሉ ይቆማል ማለት ነው።

ዓባይ በረሃ ሌላ ሂሳብ ነው፣ ይህን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ወርዶ ደጀን ለመውጣት መንገዱ 40 ኪሎሜትር አካባቢ ሲሆን አቀበቱ ከ1,300 ሜትር አያንስም። አራት ሰው የጫነች ትንሽ መኪና 1,500 ኪሎ ትመዝናለች ብንል፣ ያንን ክብደት 1,300 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ በሞተሩ ብክነት ተጨምሮ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። መንገዱን ለመሄድ የሚያስፈልገው 2 ሲታከልበት 8 ይሆናል። ከ30.08 ባትሪ ከሩብ በላይ፣ ያውም በ20 ኪሎሜትር ውስጥ! ዳሽቦርዱ 90 ኪሎሜትር ቀረ እያለ ድልድዩን የተሻገረ ሹፌር ደጀን ሲደርስ ቁጥሩ ወዴት እንደሄደ ይጠፋዋል። ድልድዩ ላይ ከ40 በመቶ በታች ከሆናችሁ በትንሹ ባትሪ አቀበቱን በልበ ሙሉነት አትጀምሩት።

ቁልቁለቱም የራሱ መላ አለው። መኪናው ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፣ ከወረደበት ጉልበት ደህናውን ያህል ይመልሳል። ባትሪው 100 በመቶ ከሞላ ግን የሚመልስበት ቦታ የለውምና ሞተሩ መያዙን ይተዋል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑ ይግላል። ጎሃ ጽዮን ወይም ደጀን ላይ ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ወደ በረሃው አትውረዱ፤ 80 በመቶ ይበቃል። እውነቱን ለመናገር አንድ ጥሩ ነገርም አለ፦ ኤሌክትሪክ መኪና ከፍታ ላይ እንደ ቤንዚኑ ጉልበት አያጣም። እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ላይ የሚያቃስተው ቤንዚኑ ነው።

የቻርጅ መሰኪያው ሌላ ወጪ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢቲ የሚባለው መሰኪያ ነው ያለው፦ ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች፣ ባለ 7 ፒኑ ለቀስታው፣ ባለ 9 ፒኑ ለፈጣኑ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ሲሲኤስ 2 ነው፣ አንድ ላይ የተያያዘ፣ ከታች ሁለት ትልልቅ ፒኖች ያሉት። አንዱ ሌላው ላይ አይገባም። የጂቢቲ ቀስታውና የአውሮፓው ቀስታ በዓይን ሲታዩ ተመሳሳይ ናቸው፣ ግን ወንዴና ሴቴው የተገለበጠ ነው፤ ገፍታችሁ ለማስገባት እንዳትሞክሩ። ከተማችሁ ውስጥ ወይም በምትመላለሱበት መንገድ ያለው ቻርጅ ማድረጊያ የትኛው እንደሆነ በአካል ሄዳችሁ እዩ፣ መኪናው ሳይገዛ። እንደ ዉሊንግ ሚኒ ያሉ የቀድሞ ትንንሽ ሞዴሎች ጭራሽ ፈጣን መሰኪያ የላቸውም። ይህን ሳያውቁ ለታክሲ የገዙ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሶኬት ሥር ይውላሉ።

ለብዙው ሰው ወሳኙ ግን ቤት ያለው ሽቦ ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ10 አምፔር ሲሠራ 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል፤ 38.88ቱን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ19 ሰዓት አያንስም። በ16 አምፔር 3.5 ኪሎዋት ነው፣ 12 ሰዓት አካባቢ። ይህ አንድ የእንጀራ ምጣድ የሚወስደውን ያህል ነው፤ ልዩነቱ ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢሠራ ነው፣ ቻርጀሩ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነቀል ይሠራል። የተለመደው የቤት ሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነው፤ መጋጠሚያው ትንሽ ከላላ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ግድግዳው ይጠቁራል። ከማከፋፈያ ገመድ ላይ ፈጽሞ አትሰኩ። 7 ኪሎዋቱን የግድግዳ ቻርጀር የምትፈልጉ ከሆነ 32 አምፔር ስለሚስብ ከቆጣሪው በቀጥታ የተዘረጋ ቢያንስ 6 ካሬ ሽቦ (ርቀቱ ከረዘመ 10)፣ የራሱ ባለ 40 አምፔር ብሬከርና የሰው ሕይወት የሚያድነው የኮረንቲ ፍሳሽ መከላከያ ብሬከር ያስፈልገዋል። ቆጣሪያችሁም ያንን መሸከም አለበት። ምጣድና ቻርጀር አንድ ላይ ከሆኑ ቆጣሪው መዝለሉ አይቀርም።

ኧርዝ (ያፈተለከ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) የሌለው ቤት ላይ ቻርጀሩ ቀይ አብርቶ እምቢ ይላል። ያኔ «እናታልለዋለን» ብሎ ኧርዙን ከኒውትራል (ኮረንቲው ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር የሚያገናኝ ኤሌክትሪሺያን አይጠፋም። አትፍቀዱለት። ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን የመኪናው አካል በሙሉ ኮረንቲ ይይዛል፣ ክረምት ላይ እርጥብ መሬት ቆሞ በሩን የነካ ልጅ አይተርፍም። የመዳብ ዘንግ ቀብሮ ትክክለኛ ኧርዝ መሥራት ከአንድ ጎማ ዋጋ የሚበልጥ ሥራ አይደለም። ተከራይ ከሆናችሁና ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ በአከራዩ ፈቃድ ላይ ነው፤ ከመኪናው ሻጭ በፊት አከራያችሁን አነጋግሩ።

ብድሩስ? 2 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ብትበደሩ የወር ክፍያው 50,787 ብር ነው፣ በጠቅላላው 3,047,000 ገደማ። ወለዱ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። «ነዳጅ ስለማትከፍሉ ይካካሳል» ይሏችኋል። እስቲ እናስላው። በ100 ኪሎሜትር 6 ሊትር የምትጠጣ መኪና፣ ሊትሩ በ130 ብር ቢያዝ 780 ብር። ኤሌክትሪኩ 12 ኪሎዋት ሰዓት፣ አንዱ በ6 ብር ቢያዝ 72 ብር። ትርፉ በኪሎሜትር 7 ብር ነው። ወለዱን ብቻ ለመመለስ 150 ሺህ ኪሎሜትር መንዳት አለባችሁ፣ አምስት ዓመት በየቀኑ 82 ኪሎሜትር፣ እሑድንም ጨምሮ። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ታክሲ ይሆናል። ከቤት ቢሮ ለሚመላለስ ሰው አይሆንም። የመብራት ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል የተወሰነ ስለሆነ፣ የዛሬውን ዋጋ ይዛችሁ የአምስት ዓመት ሂሳብ አትሥሩ።

ሰነዱ ላይ በአጭሩ፦ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው ሻንሲ ከመኪናው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አመሳክሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ካልተከፈለ ስም አይዛወርም፤ በውክልና ብቻ የሚሸጥላችሁ መኪና ብዙ ጊዜ ይህ ጣጣ አለበት። ውሉን ውልና ማስረጃ ፊት ተፈራረሙ፣ ክፍያው በባንክ ይሁን፣ በግለሰብ ሳይሆን ውሉን በፈረመው ድርጅት ስም። «የ8 ዓመት የባትሪ ዋስትና» ከተባለ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያድሰው ማን እንደሆነ ስሙ ተጽፎ ይፈረም። ለቻይና ገበያ የተሸጠ መኪና ዋስትናው እዚያው ቻይና ነው የሚሠራው።

ከፍላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ቀኑ ካለፈ በስልክ መጨቃጨቁን ተዉት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት ውሉ አልተፈጸመም ብሎ ለመክሰስ አስቀድሞ ለሻጩ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ጻፉ፣ የውሉን ቀን፣ የከፈላችሁትን ብርና የተወሰነ የመጨረሻ ቀን ጥቀሱበት፣ አንዱን ቅጂ ተቀበልኩ ብሎ ይፈርምበት። አልፈርምም ካለ በአደራ ፖስታ ላኩና የፖስታውን ደረሰኝ ከባንክ ደረሰኛችሁ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡ።