«ጋሼ፣ ፋይሎቹ መጥተዋል እኮ»፦ ለቱሉ ዲምቱው ኮምፒውተር ሰሪ ምስጋና

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ገላን አካባቢ ኮምፒውተር የሚያሰራ ሰው ካለ ይህን ያንብብልኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ወጣት ቤቴ ድረስ መጥቶ የሰራልኝን ስራ በ«እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ማለፍ ከበደኝ። ስሙንና ስልኩን አደባባይ አላወጣም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኛለሁ።

ስራው ትንሽ ወጣ ያለ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምር። እኔ ከኢሜይል ጋር የተዋወቅሁት ኢንተርኔት አገራችን ሳይገባ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) የነበርኩበት መስሪያ ቤት መልእክቱን የሚልከው ኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ግቢ በነበረው ፓዲስ በሚባል የመረጃ አገልግሎት በኩል ነበር። ፓዲስ የሚሰራው ፊዶኔት በሚባል የኮምፒውተሮች ኔትወርክ ነበር። የኛ ሞደም (ኮምፒውተርን በስልክ መስመር የሚያገናኘው ዕቃ) እየጮኸ ፓዲስ ጋ ይደውላል፣ ፓዲስ ደግሞ ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር በስልክ ይለዋወጣል። ዛሬ የተላከ ነገ ይደርሳል። ፈጣን ነው ብለን እንገረም ነበር።

ፊዶኔትን ቶም ጄኒንግስ አሜሪካ ውስጥ የጀመረው በ1984 ነው። የቡለቲን ቦርድ ኮምፒውተሮች (ሰው በስልክ እየገባ መልእክት የሚያነብባቸውና የሚተውባቸው) ሌሊት የስልክ ዋጋ ሲቀንስ እየተደዋወሉ መልእክትና ፋይል ይቀባበላሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አባሎቹ ከ30 ሺህ በላይ ደርሰው ነበር። ዛሬ ጥቂቶች ቀርተዋል፤ ስልኩንም በኢንተርኔት ተክተውታል። ጡረታ ስወጣ አውሮፓ ያለ የድሮ ወዳጄ በእሱ ኮምፒውተር ሥር ፖይንት (በሌላ አባል በኩል የሚገባ ተቀጥላ) አድርጎ አስገባኝ። ባለቤቴ «ሰው የልጅ ልጅ ያጫውታል፣ አንተ ሞደም ትቀሰቅሳለህ» ትላለች። ሞደም እንኳ የለም፤ ግን ማን ያስረዳታል።

ከዚህ ኔትወርክ እጅግ የምወደው የፋይል ደንበኝነቱን ነው። ጋዜጣ ቤት ድረስ እንደማስመጣት ነው። ፋይልፊክስ ለሚባል ሮቦት መልእክት ትጽፋለህ። ርዕሱ ላይ የይለፍ ቃልህን፣ ውስጡ ላይ የመደመር ምልክትና የምትፈልገውን የፋይል ክፍል ስም ታስቀምጣለህ። ለመውጣት የመቀነስ ምልክት። ከዚያ በኋላ አዲስ ፋይል በወጣ ቁጥር ሳትጠይቅ ይላክልሃል። እያንዳንዱ ፋይል ቲክ የምትባል ትንሽ ማጀቢያ ፋይል ይዞ ይመጣል። የየትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ከማን እንደተላከ፣ በማን በኩል እንዳለፈ የምትናገረው እሷ ናት። የጭነት መኪና ደረሰኝ በሏት።

እኔ መጀመሪያ ጥያቄዬን የላክሁት ለኤሪያፊክስ ነበር። እሱ የመልእክት መድረኮችን እንጂ ፋይል አይመለከትም። «እንዲህ ያለ ክፍል የለም» ብሎ መለሰልኝ። ሁለት ጊዜ ተቀይሜ ሦስተኛው ላይ ስህተቱ የኔ መሆኑ ገባኝ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። ለኖድዲፍ ተመዝግቤያለሁ። ኖድሊስት ማለት የኔትወርኩ የስልክ ማውጫ ነው፤ ኖድዲፍ ደግሞ በየሳምንቱ አርብ የሚወጣው የማውጫው ማስተካከያ። ሳምንታት አለፉ፤ ማውጫዬ ግን ያው አሮጌው ነው። ማሽኑን ተሸክሜ ከተማ ወስጄ አንድ ጥገና ቤት አሳየሁ። ሰውየው ስክሪኑን አየና «ይሄ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ዊንዶውስ ልጫንልዎት» አለኝ። ለምርመራ ተብሎ 500 ብር ከፍዬ ተመለስኩ።

ይሄኛውን ልጅ የጠቆመችኝ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ናት። 3 ሰዓት እመጣለሁ ብሎ 6 ሰዓት መጣ። ይሄንን ሳልጠቅስ አላልፍም። ግን ገብቶ እንደተቀመጠ የመጀመሪያ ቃሉ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ይሄን ነገር ሰምቼው አላውቅም። ሎጉን ልየው» የሚል ነበር። (ሎግ ፕሮግራሙ የሰራውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል ነው።) የማያውቀውን አላውቅም የሚል ባለሙያ ካየሁ ስንት ዓመቴ! ቡና ቀረበለት፣ በረደ። ፋይል የሚያርፍበትን ፎልደር ከፈተና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ፋይሎቹ መጥተዋል እኮ። የሚቀበላቸው ነው ያጡት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲኳ የፋይሉን ስም በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋለች። ፋይሉ ራሱ ግን የወረደው በትንንሹ ነው። የኔ ማሽን ሊኑክስ ነው፤ ለሊኑክስ ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ፕሮግራሙ ስሙን ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ትቶ ያልፋል። ፋይሎቹ በር ላይ ቆመው ከርመዋል። በኛው ፊደል ቢሰራ ኖሮ እንኳ ይሄ ጣጣ አይመጣም ነበር፤ «ሀ» ትልቅና ትንሽ የላትም።

ስሙን የሚያስተካክል ሁለት ሦስት መስመር ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ጻፈልኝ። ፋይሎቹ ወዲያው ገቡ። ማውጫው ግን አሁንም አልታደስ አለ። እዚህ ላይ ብዙው ሰው «የቀረው ከእርስዎ ወዳጅ ነው» ብሎ ሂሳቡን ይቀበል ነበር። እሱ ኖድዲፉን ከፍቶ አነበበው። የመጀመሪያው መስመር ማስተካከያው የሚሰራበት የአሮጌው ማውጫ የመጀመሪያ መስመር ግልባጭ ነው። ካልገጠመ አይሰራም። አንድ ሳምንት ከጎደለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። «በመሀል የጠፋ አለ?» ሲለኝ አፈርኩ። ቆሻሻ መስለውኝ ሁለቱን ያጠፋኋቸው እኔው ነኝ። ለወዳጄ ጻፍሁ፣ ሙሉውን ማውጫ ላከ፣ ልጁ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ አስገባው።

ሌላም ነገር ሰራ፣ ይሄኛው ለሁላችሁም ይጠቅማል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ ከባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ከሚሰራው መቆጣጠሪያ) አስተካከለው፤ ፕሮግራሙም አብሮ ተነስቶ ወደ ወዳጄ ማሽን በኢንተርኔት እንዲደውል አደረገ። የላኪው ማሽን እኔ እስክደውል ፋይሉን ይዞ ይጠብቃል። ቀኑን ሙሉ መብራት ቢጠፋ የሚቀርብኝ ነገር የለም። ለኛ ሰፈር የተሰራ ነው የሚመስለው።

የይለፍ ቃሌን አልጠየቀኝም። ኪቦርዱን ወደኔ ገፍቶ ፊቱን አዞረ። ሲጨርስ ምን እንደነካና ምን እንደቀየረ በደብተር ገጽ ላይ በአማርኛ ጽፎ ሰጠኝ። ገጹ ማሽኑ ጎን ላይ ተለጥፏል። ለሁለቱ ቀን 1,200 ብር አለኝ። ልጨምርለት ብል «የተነጋገርነው ይበቃል» አለ።

ላፕቶፕም፣ ፕሪንተርም፣ የቢሮ ኔትወርክም ይሰራል። እንደኔ ያለ እንግዳ ነገር ይዛችሁ ብትመጡም አይስቅባችሁም። ሰዓቱን በተመለከተ ግን ከመምጣቱ በፊት ደውላችሁ የት እንደደረሰ ጠይቁት። ቡናውንም ሲገባ አታቅርቡለት፤ ሎጉን ከጨረሰ በኋላ ይሁን።