ትኋን ያስመረራችሁ ሁሉ፣ እኚህን አባት ጥሯቸው

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት እፈልጋለሁ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ «እንጀራዬ ነው፣ ምን ስም ያስፈልገዋል» አሉኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የትም ሰፈር ይሄዳሉ። ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ደስ እያለኝ እሰጣለሁ።

ቤቴ ትኋን ገባ ብሎ መናገር እንዴት እንደሚያሳቅቅ የደረሰበት ያውቀዋል። እንግዳ አይጠራም። ጎረቤት ቡና ጠርቶ ሲቀመጡ ከነጠላዬ ላይ አንዱ ወርዶ ይታይብኝ ይሆን እያሉ መሳቀቅ ነው። ልጄ አንገቷና ክንዷ ላይ በመስመር የተደረደረ ሽፍታ ሲወጣባት አንድ ክሊኒክ እከክ ነው ብሎ ቅባት አዘዘልን። ቤተሰቡ በሙሉ ተቀባ። እኛ እየተቀባን ትኋኑ እየበላን ከረምን።

ርጭት እንሠራለን ባዮቹማ ባይነሱ ይሻላል። አንደኛው መጥቶ የክፍሉን መሐል ወለል አርሶት ሄደ። አልጋውን እንኳን አልነካም። ቤቱ ለቀናት ይሸታል፣ ዓይናችን ያለቅሳል፣ ትኋኑ ግን ምንም አልሆነም። «ዋስትና አለው» ብሎን ነበር፤ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስልኩ አይሠራም። ሌላው ደግሞ በር ላይ ቆሞ አየና ፍራሹንም አልጋውንም አቃጥሉት አለን። አልጋው አባቴ ለሠርጌ ያሠራልኝ የዋንዛ አልጋ ነው፤ አባቴ አሁን በሕይወት የለም። ይኸው ሰው ሲወጣ ቤታችን የምትሠራውን ልጅ ከላይ እስከ ታች አየና «እንዲህ ያለው ነገር ከሠራተኛ ነው የሚመጣው፣ ሻንጣዋን ፈትሹ» ብሎ ሄደ። ልጅቷ ሰምታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ እንኳን ከእኛ ጋር መቅረብ ተወች።

እኚህን አባት የጠቆመችኝ የባለቤቴ እህት ናት። በወጣትነታቸው ወባ ማጥፋት መርጫ ተሸክመው ቆላውን የዞሩ ሰው ናቸው። ሲመጡ መርጫቸውን በጆንያ ጠቅልለው፣ ቱታቸውን በዘንቢል ይዘው ነበር። የግቢው ዘበኛ ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው «የዘመድ ስንቅ ነው» ብለው አለፉ። ቱታውን የለበሱት እቤት ገብተው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ጎረቤት እንዳያውቅብን ብለው! እኛ ሳንነግራቸው ሐፍረታችንን የተረዱ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

መድኃኒት ከመርጨታቸው በፊት ብዙ ሰዓት ሲፈልጉ ነበር። በካቻቪቴ የአልጋውን ብሎን አንድ በአንድ ፈቱ። የፍራሹን ስፌት በጣታቸው እየገለጡ፣ የሶኬት ክዳንና የሥዕል ፍሬም ጀርባ ሳይቀር አዩ። በመጨረሻ ባለቤቴ ከጨረታ የገዛውን ሶፋ ገልብጠው ከሥሩ የተመታውን ጨርቅ ቀደዱት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ያ ሶፋ ሲነሳ ወሬ ይቀይራል። እንጨቱ ላይ ቀለም የተረጨ ይመስል ጥቁር ነጠብጣብ፣ የተገፈፈ ቅርፊት፣ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ነጫጭ እንቁላሎች ተጣብቀዋል።

ከዚያ ያደረጉትን አልረሳውም። ልጅቷን «ነይ እስቲ ልጄ» ብለው ጠሩና የእጅ ባትሪውን ሰጧት። «ይህን ቅርፊት አየሽ? ትኋን እስኪያድግ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይገፋል። ይህን ያህል በአንድ ወር አይከማችም። አንቺ ከመጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አሏት። ወር አልሞላኝም አለች። «እንግዲያው አንቺ ስትመጪ እሱ ባለቤት ነበር» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ወደ እኛ ዞረው፣ እናቴም ባለችበት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ትኋን ቆሻሻ አይበላም፣ ደም ነው የሚበላው፤ የተኛ ሰው ትንፋሽና ሙቀት ካገኘ ቤተ መንግሥትም ይገባል» አሉ። ልጅቷ ምንም አልመለሰችም። ባትሪውን ግን እስኪጨርሱ ድረስ አልለቀቀችም፤ የሚያዩበትን ቦታ እየቀደመች ታበራላቸው ነበር። ማታ ከእኛ ጋር ራት በላች።

የመድኃኒቱን ስም ደጋግመው ነግረውኛል፣ አልያዝኩትም። ከምክራቸው የገባኝን ግን ልንገራችሁ። እኛ ሳሎን እንተኛለን ስንል «እዚያው አልጋችሁ ላይ ተኙ፣ ሸሽታችሁ ብትሄዱ ተከትሏችሁ ቤቱን ያዳርሰዋል» አሉን። አልጋውን ከግድግዳ አራቁት። አንሶላና ልብሱን በየክፍሉ ፌስታል ውስጥ አስረን፣ የሚችለውን 60 ዲግሪ ላይ አጠብን፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም ብለዋል። ነጭ ጋዝ ማፍሰስ ደግሞ ቤት ያቃጥላል እንጂ ትኋን አይጨርስም። ድሮ ዲዲቲ ሲረጩ ትኋኑ መጀመሪያ ይረግፍ እንደነበር፣ እያደር ግን እንደለመደው አጫወቱን፤ ለዚህ ነው አንድ መድኃኒት ላይ ብቻ የማይተማመኑት። በሽታ ያስተላልፍ ይሆን ብዬ ስጨነቅም ማሳከክና እንቅልፍ መንሳት እንጂ እንደ ወባ ትንኝ በሽታ እንደሚያዛምት አልተረጋገጠም ብለው አረጋጉኝ።

እንቁላሉን መድኃኒቱ በደንብ ስለማይገድለው ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደሚመለሱ ተናግረው ሄዱ። የቀደሙትን አይቼ አላመንኩም ነበር። መጡ! በቀጠሯቸው ቀን፣ ሳልደውል፣ ጆንያቸውን ተሸክመው። ለሁለተኛው ርጭት ተጨማሪ ገንዘብ ብሰጣቸው «የመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ ነው» ብለው መለሱልኝ። ክፍያቸው ደግሞ ከእነዚያ ከሁለቱም ያነሰ ነው።

ዛሬ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች። የአባቴ አልጋም ቦታው ላይ ነው። እባካችሁ፣ እንደ እኔ የተቸገረ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ስለ እኚህ ሰው ንገሩት፤ እባካችሁ አትፈሩ፣ አትሸማቀቁ። በሥራ ላይ ስልክ ስለማያነሱ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ደውሉላቸው። ቤት ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ አስቀድማችሁ አሳውቋቸው፤ በዚያ መሠረት ያዘጋጃሉ፣ ለምን ያህል ሰዓት ከቤት መውጣት እንዳለባችሁም ይነግሯችኋል። እሳቸው ሳያዩት ደግሞ ምንም ዕቃ አውጥታችሁ አትጣሉ።